ፀሐይ የማን ናት?

ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ በባለጸጋው ግቢ ቀድማ፣ በድኻው ጎጆ ዘግይታ አትወጣም። ለሁሉም በአንድነት ትወጣለች፤ ለሁሉም በአንድነት ትጠልቃለች። አጥር አያግዳትም፤ ወሰን አይከፍላትም፤ ዋጋም አይቆረጥባትም። ስለዚህ «ፀሐይ የማን ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከታላላቆቹ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያ ሲሰሙ የሕፃን ጥያቄ ይመስላሉና፣ ይህንንም ሳንንቅ ልንመረምረው ይገባናል።

ጥያቄውን ያስነሣብን ነገር ይህ ነው። በዘመናችን የሰው ልጅ በቤቱ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ኀይል ለመለወጥ ችሏል። ቤት ያለውና ጥቂት ጥሪት ያጠራቀመ ሰው የማንንም ፈቃድ ደጅ ሳይጠና መብራቱን ሊያበራ፣ ውኃውን ሊያሞቅ፣ ልጆቹን ሊያስጠና ይችላል። ትናንት ቆርቆሮ ከማጋልና ቀለም ከማደብዘዝ በቀር ሌላ ሥራ ያልነበረው ብርሃን ዛሬ ሀብት ሆኗል። እንግዲህ ሀብት በሆነ ጊዜ የሀብት ጥያቄ አብሮት ይመጣል። ሊጠቀምበት እየቻለ የሚያባክነው ሰው ጥፋተኛ ነውን? የሚጠቀምበትስ ሰው ለራሱ ብቻ ነውን የሚጠቀመው፣ ወይስ ጎረቤቱም ከዚያ ድርሻ አለው?

የአገራችን ሰው ከፀሐይ ጋር የቆየ ወዳጅነት አለው። እናት ሕፃኗን በጧት ፀሐይ ታሞቃለች። በርበሬው፣ ብቅሉና ጥሬው የሚሰጣው በፀሐይ ነው። አገራችንም ለውጭ አገር ጎብኚዎች «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» እየተባለች ስትታወቅ ኖራለች። ነገር ግን ያች ቀኑን ሙሉ ስትንቦገቦግ የዋለች ፀሐይ በጠለቀች ጊዜ፣ በአያሌ ቤቶች ውስጥ የሚበራው የነጭ ጋዝ ኩራዝ ነው። በኩራዝ ብርሃን ያጠናን ሁሉ የምናስታውሰው ነገር አለ። ዐይናችን ያለቅስ ነበር፤ ጧት ስንነሣ አፍንጫችን ጥላሸት ለብሶ ይገኝ ነበር፤ ጋዙ ሲያልቅም ትምህርቱ አብሮ ያልቅ ነበር። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ከዚህ የበለጠ ምን ምሳሌ ይገኝለታል? በአገራችን በአብዛኛው ክፍል በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በአማካይ በየቀኑ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኀይል ይወርዳል። ይህም ማለት አንድ መካከለኛ ቤተሰብ ለመብራት፣ ለራዲዮንና ለቴሌቪዥን በቀን ከሚያስፈልገው ኀይል የሚበልጠው በአንድ ጠረጴዛ ስፋት ላይ በየቀኑ ይፈስሳል ማለት ነው። ምንም እንኳ መሣሪያው ከዚህ ኀይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ብቻ የሚይዝ ቢሆን፣ የቀረልን ድርሻ የሚናቅ አይደለም።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። ኤድሞን ቤከሬል የተባለው ፈረንሳዊ ብርሃን በአንዳንድ ነገሮች ላይ ሲያርፍ የኤሌክትሪክ ኀይል እንደሚያስነሣ የተገነዘበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ነው። በ1913 ደግሞ ፍራንክ ሹማን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በካይሮ አጠገብ በመዓዲ ላይ የፀሐይን ሙቀት በመስተዋት ሰብስቦ በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር አቆመ፤ የዓባይንም ውኃ ለእርሻ ሳበበት። ወዲያው ግን የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ነዳጅ ዘይትም በርካሽ ተገኘ፤ የሹማን ሥራ ተረሳ። ፀሐይ ከዓባይ ጋር ተባብራ እንድትሠራ የታሰበው ከመቶ ዓመት በፊት መሆኑ ሊያስደንቀን ይገባል። ከዚያም በ1954 በአሜሪካ አገር በቤል የምርምር ቤት ሦስት ሊቃውንት ከአሸዋ ከሚገኘው ከሲሊኮን የተሠራ መሣሪያ ለሕዝብ አሳዩ። መሣሪያው ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 6 ያህሉን ብቻ ነበር። ዋጋውም እጅግ ውድ ስለ ነበረ በመጀመሪያ የተፈለገው ወደ ሰማይ ለሚወረወሩ ሳተላይቶች ነው። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ዋት የሚያመነጨው ክፍል ከ50 የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ ዛሬ ከአንድ ዶላር እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ለሰማይ የተሠራው ዕቃ ወደ ጎጆ ወርዷል ማለት ነው።

አሠራሩም የተወሳሰበ አይደለም። የፀሐይ ሰሌዳው ብርሃኑን ተቀብሎ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ባትሪው ለሌሊት ያስቀምጣል፤ ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ኀይሉን የቤት ዕቃዎች ሊሠሩበት ወደሚችሉት ዐይነት ይለውጠዋል። የሚንቀሳቀስ ጥርስ የለውም፤ አይጮኽም፤ አይጨስም። ከአቧራ እየጠረጉ ከጠበቁት ሰሌዳው ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ባትሪው ግን ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ በየጊዜው መለወጥ አለበት። ይህንንም ደብቆ የሚያስማማ ነጋዴ እንጂ እውነተኛ መካሪ አይደለም።

አሁን እንግዲህ የሚቃወሙንን ሰዎች ቃል እንስማ፤ ሳይሰሙ መፍረድ የዳኛ ጠባይ አይደለምና።

የመጀመሪያው ተቃዋሚ እንዲህ ይለናል፦ «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከ5,000 ሜጋዋት በላይ ለማመንጨት ይችላል። ሕዝቡ ከደመወዙና ከመቀነቱ ፈትቶ የሠራው ይህን የመሰለ ግድብ ሳለ፣ በየጣሪያው ላይ መስተዋት መደርደር ለምን ያስፈልጋል?» ይህ ቃል ከአገር ፍቅር የመጣ ነውና በአክብሮት ልንመልስለት ይገባናል። ግድቡ የሁላችን ክብር ነው። ነገር ግን የመነጨው ኀይል በየቤቱ የሚደርሰው በሽቦ ነው። ሽቦው ደግሞ ከሕዝባችን ወደ እኩሌታ ለሚጠጋው ገና አልደረሰም። ተራራው ከፍ ያለ፣ ሸለቆው የጠለቀ፣ መንደሩም ተበታትኖ የሰፈረ ስለ ሆነ፣ ለሁሉም ለማድረስ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባው የገጠር ልጅ ግን ሽቦው እስኪደርስ ድረስ ዕድሜው ቆሞ አይጠብቀውም።

ደግሞም የአገራችን የኤሌክትሪክ ኀይል ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው የሚመጣው ከውኃ ነው። ውኃ የዝናብ ልጅ ነው፤ ዝናብም አንዳንድ ጊዜ ይቀራል። በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ ውኃ በማነሱ ኀይል በፈረቃ ሲታደል እንደ ነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ግድቦች የሚሞሉት በክረምት ነው፤ የሚጎድሉት በበጋ ነው። ፀሐይ ደግሞ በክረምት ደመና ይጋርዳታል፤ በበጋ ግን ያለ ከልካይ ታበራለች። እንግዲህ አንዱ ሲደክም ሌላው የሚበረታ ሁለት በሬ ቢገኝ፣ ጠንቃቃ ገበሬ አንዱን ፈትቶ በሌላው ብቻ ያርሳልን? አንድ የከተማ ቤት በበጋ ቀን ከፀሐይ ያገኘው ኀይል ከግድቡ ያልተቀዳ ውኃ ነው። ያ ውኃ ለማታው መብራትና ለፋብሪካው ሥራ ተቀምጦ ይቆያል። ስለዚህ ፀሐይ የግድቡ ባልንጀራ እንጂ ባላጋራ አይደለችም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ሒሳብ ዐዋቂ ነው። «እኔ በከተማ የምኖር ሰው ነኝ» ይላል፤ «የኤሌክትሪክ ዋጋ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ቢሄድም፣ ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር አሁንም ርካሽ ነው። ለሰሌዳውና ለባትሪው የማወጣው ገንዘብ በቶሎ አይመለስልኝም። ደግሞስ ምጣዱን ምን ይችለዋል?» ይህ ሰው እውነቱን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል። በጣሪያ ላይ የሚተከል አንድ ኪሎዋት ያህል ሰሌዳ ግን ቀኑን ሙሉ ሠርቶ አራት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢሰጥ ነው። ለመብራት፣ ለቴሌቪዥን፣ ለማቀዝቀዣ ይበቃል፤ እንጀራ ለመጋገር ግን አይመችም። «ሁሉንም ይችላል» ብለን ብንሰብክ ነገ የሚያዝንብንና ለጎረቤቱም ክፉ ወሬ የሚያወራ ሰው እናፈራለን።

ሒሳቡ ግን በዚህ አያበቃም። ያው ሒሳብ ወደ ገጠር ሲወርድ ይገለበጣል። ድኻው ገበሬ ኩራዙን በጋዝ፣ የእጅ ባትሪውን በድንጋይ፣ ስልኩን ከተማ ወርዶ በገንዘብ እያስሞላ ለደካማ ብርሃን የሚከፍለው፣ የከተማው ሰው ለደማቅ መብራት ከሚከፍለው ይበልጣል። በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባለው መንደር ከዓመታት በፊት ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች የፀሐይ መብራት ገብቶላቸው ነበር፤ ባለሙያዎችም ሠልጥነውላት ነበር። አንዲት ከሽቦ የራቀች መንደር ይህን ለማድረግ ከቻለች፣ ነገሩ የቅንጦት አለመሆኑ ተገልጿል። ለገጠሩ ሰው ጥቅሙና ግዴታው አንድ መንገድ ላይ ይሄዳሉ፤ እርሱን ለማሳመን ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ዕቃው በሚችለው ዋጋ መቅረቡ ነው። የግብረ ገቡ ጥያቄ የሚከብደው በከተማው ባለቤት ላይ ነው፤ እርሱን የሚገፋው ጥቅም ትንሽ ነውና።

ሰው የሚሠራው ሥራ ሁሉ በጥቅም ብቻ አይመዘንም። በደጁ ዛፍ የሚተክል ሽማግሌ ከጥላው በታች እንደማይቀመጥ ያውቃል፤ ነገር ግን ይተክላል። የሚችል ሰው ከጋራው ማድ በልኩ ቢወስድና በራሱ ጓዳ ያለውን ቢጨምርበት፣ ያ ለማይችለው ቦታ መልቀቅ ነው። ሆኖም ይህን ስንል አንድ ከባድ ነገር ከፊታችን ይቆማል፤ እርሱንም ዘለን ብናልፍ ነገራችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ መንደር አንድ ምንጭ ነበረው እንበል። ሰዎቹ በየዓመቱ ተሰብስበው ደለሉን ይጠርጉ፣ ክቡን ያድሱ ነበር። ከመካከላቸው ጉልበትና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በየግቢያቸው ጉድጓድ ቆፈሩ። ውኃ አገኙ፤ ደስም አላቸው። በሚቀጥለው ዓመት የጠረጋው ቀን ሲደርስ ግን አልመጡም፤ «እኛ ከምንጩ አንቀዳምና ምን አገባን?» አሉ። ምንጩን ለመጥረግ የቀሩት ሽማግሌዎች፣ ባልቴቶችና ድኾች ሆኑ። ደለሉ በረታባቸው፤ ምንጩም ደፈረሰ። ጉድጓድ መቆፈር ጥፋት ነበርን? አልነበረም። ጥፋቱ ከጠረጋው መቅረት ነበር።

ይህ ምሳሌ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በደቡብ አፍሪካ የኤሌክትሪክ ኀይል መቆራረጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ከምን ጊዜውም በላይ በበረታ ጊዜ፣ ገንዘብ ያላቸው ቤቶች ወደ ፀሐይ ዞሩ። በ2022 መጀመሪያ ከአንድ ሺህ ሜጋዋት ያነሰ የነበረው የጣሪያ ኀይል በ2023 አጋማሽ ከአራት ሺህ ሜጋዋት በላይ ሆነ። ይህም አገሪቱን ከብዙ ጨለማ አዳናት። ነገር ግን በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ ሰፈር ሲበራ ሌላው በሻማ ተቀመጠ፤ ከተሞቹም ከኤሌክትሪክ ሽያጭ ያገኙት የነበረው ገቢ እያነሰ ሄደ። በፓኪስታንም በ2024 ብቻ 17 ሺህ ሜጋዋት ያህል የሚያመነጭ ሰሌዳ ወደ አገር ገብቷል። የኀይል ማመንጫዎቹና የሽቦው ዕዳ ግን አብሮ አልቀነሰም፤ ሰሌዳ ለመግዛት ባልቻሉት ላይ መክበድ ጀመረ። ምንጩን ለመጥረግ የቀሩት እነርሱ ናቸውና።

ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች «እንግዲያውስ በየቤቱ ሰሌዳ መትከል ይቅር» ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ ያለው ፍርድ ልክ አይመስለንም። አንድ መልካም ነገር በራስ ወዳድነት ቢያዝ፣ መወገድ ያለበት ራስ ወዳድነቱ ነው እንጂ መልካሙ ነገር አይደለም። ፀሐይን በጣሪያው ላይ የሚቀበል ሰው በሁለት መንፈስ ሊቀበላት ይችላል። አንደኛው የሚያመልጥ ሰው መንፈስ ነው፤ «እኔ ከዳንሁ ይበቃኛል» ይላል። ሁለተኛው የሚያግዝ ሰው መንፈስ ነው፤ «የእኔን ሸክም ቀለል ባደርግ ለሌላው ይተርፋል» ይላል። መሣሪያው አንድ ነው፤ ሰሌዳው አንድ ነው፤ ፀሐይቱም አንዲት ናት። ሰዎቹ ግን ሁለት ናቸው።

እንግዲህ የሚያግዝ ሰው በምን ይታወቃል? በመጀመሪያ፣ ከጋራው ሽቦ ጨርሶ አይለይም፤ ለሽቦው መጠበቂያ የሚገባውን ድርሻ ሳያጉረመርም ይከፍላል። ሁለተኛ፣ ሥራውን ከሚጠቅምበት በኩል ይጀምራል። ውኃውን በቀጥታ በፀሐይ ሙቀት የሚያሞቅ ቀላል መሣሪያ በጣሪያው ላይ ቢያኖር፣ ብዙ ኀይል ከሚበላው ከቦይለር ይገላገላል፤ ሰው ሁሉ መብራት በሚያበራበትና ራት በሚሠራበት ሰዓትም ከጋራው አይሻማም። ሦስተኛ፣ ያረጀውን ባትሪ በየሜዳው አይጥልም፤ በውስጡ ያለው እርሳስ መርዝ ነውና። ለራሱ ብርሃን ሲል የጎረቤቱን ልጅ የሚመርዝ ሰው ከጨለማው አልወጣም። አራተኛ፣ ያገኘውን ያካፍላል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ የከተማችን ሰዎች ጣሪያቸው የአንድ ሰው አይደለም፤ የሁሉም ነው። በዚያ ጣሪያ ላይ በማኅበር ሰሌዳ ቢተክሉ፣ የደረጃው መብራት አይጠፋም፤ የውኃ መሳቢያውም አይቆምም፤ ሽማግሌውም በጨለማ ደረጃ አይወድቅም።

«ገንዘቡስ?» ለሚለውም ሰው መልሱ ከሩቅ አገር አይመጣም። ዕቁብን የፈጠረ ሕዝብ፣ ዕድርን የፈጠረ ሕዝብ፣ በደቦና በወንፈል እርሻውን የሚያርስና ቤቱን የሚሠራ ሕዝብ፣ ለብርሃን መተባበር አያቅተውም። አሥር የሰፈር ሰዎች ዕቁብ ቢገቡና ዕጣው በወጣ ቁጥር በአንዱ ጣሪያ ላይ ሰሌዳ ቢተከል፣ ዕቁቡ ሲያልቅ አሥሩም ቤቶች በርተው ያድራሉ። አሥራ አንደኛውን ዕጣ ደግሞ ለሰፈሩ ጤና ጣቢያ ወይም ለትምህርት ቤቱ ቢያወጡት፣ ሌሊት በምጥ የተያዘች እናት በስልክ ብርሃን ከመውለድ ትድናለች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን መጽሔት የሚያነቡት ወገኖቻችን አብዛኛዎቹ የመንግሥት ሹማምንት፣ መምህራንና ተማሪዎች ናቸው። ሹሙ ሰሌዳውና ባትሪው በቶሎና በደኅና ዋጋ እንዲገቡ፣ የተበላሸና አስመስሎ የተሠራ ዕቃም ድኻውን እንዳያታልል ሊጠብቅ ይገባዋል። ከሁሉም በላይ ደንብ በሚያወጣበት ጊዜ ምንጩን ለመጥረግ የቀሩትን ሰዎች ሊያስብ ይገባዋል። መምህሩ የፊዚክስን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሊያሳይ ይችላል። ተማሪው ደግሞ ዕቃውን መግዛት ብቻ ሳይሆን መጠገንን፣ ነገም መሥራትን ቢማር፣ ዛሬ ከሩቅ አገር በውጭ ምንዛሪ የምናስመጣውን ብርሃን ነገ በእጃችን እንሠራዋለን። ቤት ያለው ሰውም ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ አንድ ጊዜ ወደ ጣሪያው ቢመለከትና «ይህ ሁሉ ብርሃን በእኔ ቸልተኝነት ባክኖ ይቅር ወይ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

በመጨረሻ ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ፀሐይ የማን ናት? የማንም አይደለችም፤ ስለዚህም የሁሉም ናት። በጣሪያችን ላይ የምትወርደው ብርሃን ግን እጃችን ከገባች በኋላ አደራ ትሆናለች። አደራን የሚበላት ሰው አለ፤ ቀብሮ የሚያስቀምጣት ሰው አለ፤ አብዝቶ ለባለቤቱ የሚመልሳት ሰውም አለ። የዚህች አደራ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው ማታ በመስኮቱ ይመልከት። ከአጥሩ ወዲያ መብራት ያልበራበት ቤት ቢያይ፣ ባለቤቷ በዚያ ቤት ውስጥ ነው።